ድዴን ያደማው እርግዝናው ነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የነፍሰ ጡሮች፣ የእናቶቻቸውና የባሎቻቸው ናቸው። ሌላውን አቆይቼ ዛሬ እነሱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። መቦረሹን ልተወው?

እህቴ፣ እንዳትተዪው! በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጣም ይጨምራሉ። የድድ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ግን ሆርሞኑ ብቻውን አይደለም። ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ላይ የሚለጠፈው በባክቴሪያ የተሞላ ቆሻሻ ድሮም ነበረ። ያኔ ድድሽ ችሎት ነበር፤ አሁን ትንሿንም አልችል አለ። ሎ እና ሲልነስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ የድዱ መቆጣት ከ2ኛው ወር ጀምሮ እየባሰ ሄዶ 8ኛው ወር ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ይቀንሳል። አንቺ ገና ዳገቱ ላይ ነሽ ማለት ነው።

ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ያዢ። በቀን 2 ጊዜ፣ ድዱ ጠርዝ ላይ ቀስ እያልሽ ቦርሺ። ታርታር (ጥርስ ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆሻሻ) ካለሽ ግን ብሩሽ አያነሳውም፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መታጠብ አለበት። (ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል የሚለውን ወሬ እርሺው። የሚያነቃንቀው ታርታሩ ሥር ተደብቆ የቆየው በሽታ ነው።)

ጥያቄ፦ የእርግዝና ሆርሞን ባክቴሪያ ይመግባል የሚባለው እውነት ነው?

መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ጥናት፣ ዛሬ ፕሪቮቴላ ኢንተርሚዲያ የምንለው የድድ ባክቴሪያ በእርግዝና ጊዜ እንደሚበዛ አሳየ። ይህ ባክቴሪያ ለማደግ ቫይታሚን ኬ የመሰለ ነገር ይፈልጋል፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ደግሞ ያንን ሊተኩለት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። እኔ የበለጠ የማምነው የድዱ አቀባበል መቀየሩን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጸነሰች ወዲህ ጥርሷ እየተበላሸ ነው። ጽንሱ ካልሲየሙን ከጥርሷ ወስዶባት ነው?

አይደለም እናቴ። ጽንሱ ካልሲየም የሚያገኘው እናቱ ከምትበላው ነው፤ ካነሰም ከአጥንቷ እንጂ ከጥርሷ አይወስድም። ልጅዎ ታስመልሳለች? የሆድ አሲድ ጥርስ ይበላል። አምሮቷ ደግሞ ጣፋጭ ላይ ከሆነ ሌላ ችግር ነው። ካስመለሳት በኋላ ወዲያው አትቦርሽ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ትፍቀዋለች። በ1 ኩባያ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ ትጉመጥመጥ፤ ብሩሹን ከግማሽ ሰዓት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ ታንሳ።

ጥያቄ፦ ድዴ ላይ ባቄላ የምታክል ቀይ እብጠት ወጣችብኝ። ካንሰር ይሆን?

ብዙ ጊዜ አይደለም። በእርግዝና የሚመጣና ከወሊድ በኋላ የሚሟሽሽ እብጠት አለ። ቢሆንም ሐኪም ይየው፤ በተለይ ቶሎ ቶሎ የሚደማ ከሆነ ወይም ከወለድሽም በኋላ ካልጠፋ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጥርሷን አሟት ክሊኒክ ብንሄድ «ከወለድሽ በኋላ ነይ» ብለው መለሱን።

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ ውሰዳት። 5ኛው ወር እንዲያውም ለሕክምና ከሚመቹት ወራት አንዱ ነው፤ ማስመለሱ ጋብ ብሏል፣ ሆዷም ወንበር ላይ ጋደም ለማለት ገና አላስቸገራትም። ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ መወጋት ትችላለች። አስፈላጊ ከሆነ የጥርስ ራጅም ትነሳለች። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አይሰጥም። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የልጁን ጥርስ ቀለም ሊያበላሹ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከፋርማሲ ዝም ብለህ እንዳትገዛላት።

ጥያቄ፦ የድድ በሽታ ያለጊዜው ያስወልዳል?

ሁለቱ አብረው እንደሚታዩ ብዙ ጥናቶች ጽፈዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በ823 ነፍሰ ጡሮች ላይ በወጣ ጥናት፣ በእርግዝናቸው ጊዜ ድዳቸው የታከመላቸውና ከወሊድ በኋላ የታከመላቸው ሴቶች ያለጊዜው በመውለድ ብዙም አልተለያዩም። ሕክምናው ግን ጉዳት አላመጣም፤ ድዳቸውንም አሻሽሏል። ስለዚህ ድድሽን ለራስሽ ስትዪ ታከሚ።

ጥያቄ፦ መፋቂያ ብቻ ይበቃል?

ፊት ለፊቱን በደንብ ያጸዳል። የኋላ መንጋጋና የጥርስ መሃል ላይ ግን በደንብ አይደርስም፣ እንደ ጥርስ ሳሙናው ያለ ፍሎራይድም የለውም። በምሳ ሰዓት ፋቂ፤ ጠዋትና ማታ ቦርሺ።