ለ4፣ ለ7 እና ለ11 ዓመት ልጆች የሚሆን የቤት ውስጥ ሥራ

እህቴ፣ ሦስቱ ልጆችሽ በየዕድሜያቸው ምን ቢያግዙሽ እንደሚሻል፣ የ7 ዓመቷም ዕቃ ስታጥብ ለምን ቶሎ እንደምትሰለችና ሲኒ እንደምትሰብር ጠይቀሻል። ብዙውን ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ አሠራሩ ከቁመቷና ከጉልበቷ ጋር ስላልተስማማ ነው።

ሁለት ሳፋ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አድርጊላት፣ ውኃው ከግማሽ አይለፍ። ለብ ያለውን አንቺ ቅጂላት፤ በቀዝቃዛ ውኃ የወጥ ቅባት ስለማይለቅ ስትፈትግ ትውላለች፣ መሰልቸቱም ከዚህ ይመጣል። ትራፊውን ካራገፈች በኋላ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ማንኪያና ሳህን፣ ድስት መጨረሻ። ድስቱ ከቀደመ ውኃው ቅባት ይሆንና ብርጭቆው ሁሉ ይደበዝዛል። ላርጎ ሲበዛ ዕቃው ከእጅ ያመልጣል፤ ለአንድ ሳፋ አንድ ክዳን ይበቃል። ሲኒውን ለጊዜው ራስሽ እጠቢው። ቢላዋ ግን አረፋ ውስጥ በፍጹም አይግባ፣ ሳታየው ይቆርጣታል።

ምስር መልቀምም ለእሷ ጥሩ ነው፤ ነጭ ትሪ ላይ አንድ ጭብጥ ብቻ በትኚላት፣ በቀን ብርሃን። ለ4 ዓመቱ አትስጪው፤ በዚህ ዕድሜ ፍሬውን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታሉ። እሱ ካልሲ ያጣምር፣ ጫማ ቦታው ይመልስ፣ ማንኪያ ያቅርብ።

የአዳማን አቧራና ነፋስ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሲጠርግ መስኮቱ ይዘጋ፣ ወለሉ በእጅ ትንሽ ውኃ ይረጭ (ከበዛ ጭቃ ሆኖ መጥረጊያው ላይ ይጣበቃል)፣ ከጥግ ወደ በር ይጥረግ። ዕቃ ላይ ያለውን አቧራ እርጥብ ጨርቅ ያነሳዋል፤ ደረቅ ጨርቅ መልሶ ያቦነዋል።

ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የምታስይዣቸው ከሆነ ክብደቱን አስቢው፦ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ለትልቁ ባለ 5 ሊትር፣ ለ7 ዓመቷ የ2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። በረኪናን ግን ሃይላንድ ውስጥ አትገልብጪ፤ ትንሹ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። በረኪናና ከሰል ማቀጣጠል የትልቅ ሰው ሥራ ናቸው፣ የ11 ዓመቱንም ይጨምራል።

እባክሽ ትልቁን ወንድ ነው ብለሽ ከወጥ ቤት አታስቀሪው። አንቺ እዚያው ሆነሽ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ መሥራት ይችላል። ደረቅ ሽሮ የፈላ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጠው። ሽሮ ሲፈላ ይፈናጠቃል፣ እጅ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው፦ ድስቱ ጥልቅ ይሁን፣ ከግማሽ በላይ አይሙላ፣ ማማሰያው ረጅም ይሁን፣ የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። ዩኒፎርሙንም ራሱ ይጠብ፤ 20 ደቂቃ ያህል ኦሞ ውስጥ ይዘፍዝፈው፣ አንገትጌውንና እጅጌውን በደረቅ ሳሙና ይሽ፣ ፀሐይ ቀለሙን እንዳያነሳው ገልብጦ ያስጣው።