የፈተና ውጤታችሁ ለዘገየባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት በካውንስለርነት (በተማሪዎች አማካሪነት) ሠርቻለሁ። ከፈረንጆች ገና እረፍት ስንመለስ፣ በየዓመቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ የሐበሻ ልጅ አይጠፋም።

አንዷን አልረሳትም። ጃኬቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የአሜሪካ ኮሌጆች ለቅበላ የሚያዩት ፈተና፣ የዲሴምበሩ የኤስኤቲ ውጤቷ ከበፊቱ በ110 ነጥብ ጨምሯል። የኮሌጅ ማመልከቻዎቿ ግን ጃንዋሪ 1 ተዘግተዋል። «አለቀ አይደል?» አለችኝ። ውጤቱን ካየች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ለማንም አልተነፈሰችም። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው» አለች።

አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ይሉኝታችን ቤታችን ውስጥ ያምርብናል። ተማሪ የሚቀበለው የኮሌጁ አድሚሽን ቢሮ ግን ዝም ያለን ልጅ የሚያስታውስ የለም።

ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀንና ውጤት የሚደርስበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ማመልከቻው ጃንዋሪ 1 ቢዘጋም የዲሴምበርን ፈተና የሚቀበሉ ብዙ ኮሌጆች አሉ። ብዙዎቹ ውጤታችሁን ራሳችሁ ፖርታሉ ላይ፣ ማለትም ማመልከቻችሁን በምትከታተሉበት የኮሌጁ ገጽ ላይ፣ እንድትሞሉ ይፈቅዳሉ፤ የኤስኤቲ አዘጋጁ ኮሌጅ ቦርድ በቀጥታ የሚልከውን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ስለዚህ የየኮሌጁን ድረ ገጽ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ጻፉላቸው።

እኔና እሷ የጻፍነው ኢሜይል አራት መስመር ነበር። ሙሉ ስሟ፣ የልደት ቀኗ፣ የማመልከቻ ቁጥሯ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «የዲሴምበር ውጤቴን አሁን ብልክ ከማመልከቻዬ ጋር ይታይልኛል?» የይቅርታ መዓት አልደረደርንም። በማግስቱ አንደኛው ኮሌጅ «ላኪው» አላት። ሌላኛው ጊዜው አልፏል አለ። አለቀሰች፤ ግን ቁርጧን አወቀች።

የእኛ ልጆች ላይ የሚበዛ ሌላ ጣጣ አለ፤ ስም። ልጁ ለኤስኤቲ ሲመዘገብ በአባቱ ስም ይጨርሳል፣ ማመልከቻው ላይ የአያቱን ይጨምራል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ቦታ በ«ቲ»፣ ሌላው ቦታ በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የልደት ቀኑም የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ይደበላለቅበታል። ውጤቱ በጊዜው ደርሶ ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ፖርታሉ «አልደረሰም» ይላል፤ ልጁም ዘግይቼ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እንዲህ ሲሆን እንደገና ከፍላችሁ ከመላካችሁ በፊት ለኮሌጁ ደውሉና ስማችሁን በሌላ አጻጻፍ እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ። ፓስፖርታችሁን፣ የኮሌጅ ቦርድ አካውንታችሁንና ማመልከቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ። ኤስኤቲ ስትፈተኑ ለ4 ኮሌጆች ውጤት በነፃ መላክ ትችላላችሁ። ኮሌጆቹን የምትመርጡት ግን ከፈተናው በኋላ እስከ 9 ቀን ድረስ ነው። ውጤቱ የሚወጣው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ፣ «መጀመሪያ ልየው» ያለ ልጅ ነፃው ዕድል ያመልጠዋል። አሜሪካ ላላችሁና የቤተሰባችሁ ገቢ ዝቅተኛ ለሆነ፣ የክፍያ ነፃ ፈቃድ አለ። በእሱ ለፈለጋችሁት ያህል ኮሌጅ በነፃ ትልካላችሁ። «ደሃ ይሉናል» ብላችሁ አትተዉት። አባታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የሚያሽከረክረው እናንተ እንዲህ ያለ ዕድል እንዲያመልጣችሁ አይደለም።

ደግሞ ያላችሁን ውጤት ሁሉ ለሁሉም አትላኩ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ የኤስኤቲ ውጤትን ለቅበላ ጭራሽ አያየውም። ኤምአይቲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈተናውን መልሶ ግዴታ አድርጎታል። ውጤት መላክ እንደ ምርጫችሁ ነው በሚሉት ኮሌጆች ውጤታችሁ እዚያ ከሚገቡት ልጆች በጣም ካነሰ፣ ባትልኩት ይሻላል።

ውጤቱ አሁን ስልካችሁ ውስጥ ከተቀመጠ ካውንስለራችሁን ነገ ጠዋት አናግሩ። አዲስ አበባ ያላችሁም ለኮሌጆቹ ደውሉ። የምሥራቅ አሜሪካ ቢሮዎች ጃንዋሪ ላይ ሲከፈቱ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 11 ገደማ ነው። ከመደወላችሁ በፊት የማመልከቻ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።