ቤታቸው ውስጥ ሐዲድ ለሚዘረጉ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ሲሠራ እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁና፣ ትንሽ ባቡር ቤታችሁ ውስጥ ለማስኬድ መመኘታችሁ ደስ ይለኛል። አብሽሩ፣ ይቻላል። ግን ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሎኮሞቲቭ ላይ አታፍስሱት። ሞዴል ባቡር መንገድ ላይ የሚቆመውም ሆነ ከሐዲድ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ከሥሩ ያለው ጣውላ፣ ሐዲዱና ሽቦው ነው።

በቅድሚያ ልኩን ቁረጡ። ኤች ኦ የሚባለው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የእኛ አዲሱ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል። ኤን የሚባለው 160 ጊዜ ያንሳል፣ ሐዲዱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። ኤች ኦ ለእጅ ይመቻል፣ ሲበላሽም ለመጠገን ይቀላል፤ ግን ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ስለሚፈልግ አንድ ሙሉ ፕላይውድ፣ ማለትም 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ይወስዳል። የኪራይ ክፍል ውስጥ ላለ ልጅ የምመክረው ኤንን ነው፤ 60 በ120 ሳንቲም ጣውላ ይበቃዋል፣ ማታ ግድግዳ ላይ ማስደገፍም ይቻላል።

ዕቃው የሚመጣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እኛ 220 ላይ ስትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ኤች ኦ ባቡር በመካከል ሦስተኛ መስመር ያለው፣ በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ነውና በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ከሚሠራው ከተለመደው ባለ 12 ቮልት ባቡር ጋር አይጣጣምም። ባቡሩ ዲሲ ከሆነ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር እዚሁ መተካት ይቻላል፦ ባለ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር፣ አንድ የዲሲ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ እና ባለ ስድስት እግር ስዊች። ከመቆጣጠሪያው የሚወጡትን ሁለት ገመዶች ከስዊቹ አንድ ጫፍ ሁለት እግሮች ጋር እሰሩ፤ ከእነዚያ ደግሞ በመስቀለኛ አድርጋችሁ ወደ ሌላኛው ጫፍ እግሮች ውሰዱ፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ወደ ሐዲዱ ይሄዳሉ። ስዊቹን ስትገለብጡት ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሳይቆም ግን አትገልብጡት። መብራት ሲጠፋ የመኪና ባትሪ የምታገናኙ ከሆነ ከባትሪው አጠገብ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ፊውዝ ከሌለ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ባደረገ ጊዜ ባትሪው ሽቦውን አቅልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ነገር አደራ።

ጣውላውን 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ አድርጉት፣ ከሥሩም በየ40 ሳንቲሙ ሞራሌ ይኑረው። ሞራሌው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ በሁለት ወር ውስጥ ይጣመማል። ከላይም ከታችም፣ ጠርዙንም ጭምር ቀለም ቀቡት። ደሴ ያላችሁ በተለይ ይህን አትዝለሉ። በክረምቱ ጉም እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ብረቱ ግን አብሮት አይሸበሸብም። ጣውላው ሲያጥር ሐዲዶቹ ጫፍ ለጫፍ ተገፋፍተው ወደ ጎን ይቆለመማሉ። ሐዲድ ስትቀጣጥሉ በየመገጣጠሚያው የሞባይል ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት የምትተዉት ለዚህ ነው። ውሃ ልክ አስቀምጡና ዙሪያውን አረጋግጡ።

ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አትዘርጉት። የቡናው፣ የዕጣኑና የማገዶው ጢስ ሐዲዱ ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ያለብሳል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው በሐዲዱና በመንኮራኩሩ ንክኪ ብቻ ነው። እናታችሁ በቀን ሦስቴ ቡና የምታፈላበትን ቤት ማስለቀቅ አይቻልምና እናንተው ሌላ ጥግ ፈልጉ፤ ሌላ ከሌለ ጥቅም ላይ በማይውልበት ጊዜ በላስቲክ ሸፍኑት።

ሽቦው ላይ አትሰስቱ። ሐዲዶቹን የሚያያይዙት ትንንሽ ቆርቆሮዎች ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ ለጊዜው ይበቃሉ፤ ዓመት ሲሞላቸው ይላላሉ፣ ይዝጋሉም። ያን ጊዜ ባቡሩ ከመነሻው ሲርቅ ይደክማል፤ ብዙ ልጅ ሞተሩን የሚፈታው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ለቤት መብራት የሚሆነውን 1.5 ካሬ ሽቦ፣ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር፣ ከጣውላው ሥር ዙሪያውን አዙሩት፤ በየሜትሩ ከእሱ ቀጭን ሽቦ አውጥታችሁ ከሐዲዱ የውጭ ጎን ጋር በሊድ በይዱት። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉት ጥንድ ሽቦዎች፣ ከ30 ሳንቲም ካልረዘሙ፣ ለዚህ ይሆናሉ። ቀይ ሁልጊዜ ውስጠኛው ሐዲድ ላይ፣ ጥቁር ውጪኛው ላይ። እያንዳንዱን ስትበይዱ በቴስተር ፈትሹ፤ አሥሩን በይዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የተቀያየረውን መፈለግ አድካሚ ነው።

ድልድይ የምትወዱ ታገሡኝ። ኤች ኦ ባቡር ከሌላ ሐዲድ በላይ ለማለፍ 7.5 ሳንቲም ያህል መውጣት አለበት። ዳገቱ ከ100 ሳንቲም 2.5 ካለፈ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቿን መጎተት ያቅታታል፤ ስለዚህ ለመውጣት ብቻ 3 ሜትር መንገድ ያስፈልጋችኋል። የሐረጎን ዳገት አንድ ጣውላ ላይ ለማስፈር አትሞክሩ።

ለሐዲዱ ሥር የሚሆነውን ጠጠር ከቦርከና አሸዋ ማዘጋጀት ይቻላል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ በወንፊት ነፍታችሁ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰውን ያዙ። ከዚያ ማግኔት በስስ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ከጥቁር ድንጋይ የሚወጣ አሸዋ ማግኔት የሚስበው ብናኝ አለበት፤ እሱ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ማግኔቱ ላይ ተጣብቆ ይፈጨዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጡ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ በመርፌ አንጠባጥቡ። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ግን ባቡሩ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ከሄደ በኋላ ነው። ኮላ ከደረቀ ሐዲድ መንቀል ይከብዳል። ተራራውን በጄሶ ስትሠሩ ሐዲዱን በፕላስተር ሸፍኑት።

ባቡሩ ከሐዲድ ሲወጣ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁሉም ፉርጎ እዚያው ቦታ ከወጣ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ አንዱ ፉርጎ በየቦታው ከወጣ የእሱ መንኮራኩር ነው። በኤች ኦ በሁለቱ መንኮራኩሮች ውስጣዊ ጎኖች መካከል ከ14.3 እስከ 14.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መንኮራኩሩ ደህና ሆኖ ፉርጎው ከቀለለም ይወጣል፤ 15 ሳንቲም የሚረዝም ፉርጎ 110 ግራም ያህል ቢመዝን ይረጋል። ብሎን ወይም ዳዶ ከወለሉ ላይ አጣብቁበት፣ ከፍ አድርጋችሁ ግን አትጫኑት፣ ኩርባ ላይ ይገለብጠዋል።

ሐዲዱን በአልኮል በተነከረ ነጭ ጨርቅ በየሳምንቱ ጥረጉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አትነካኩት፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ልትጠርጉ ነው። የሎኮሞቲቭን መንኮራኩር ለማጽዳት ጨርቁን ሐዲዱ ላይ አንጥፉ፣ ግማሹን መንኮራኩር ጨርቁ ላይ ግማሹን ሐዲዱ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ያዙትና አሽከርክሩት። ለዘይት የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ በየዘንጉ ጫፍ፣ በዓመት ሁለቴ። የምግብ ዘይት ይሙጫል፣ የሞተር ዘይት ይወፍራል። በፈተና ሰሞን ወራት የሚቆም ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ አሥር ደቂቃ፣ አምስቱን ወደፊት አምስቱን ወደ ኋላ፣ አስኪዱት።