ልጓም ሲያይ ራሱን የሚወረውር ፈረስ፦ ስለ መግራቱና ልጆችን ስለ ማስተማር

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ይህን ነው፦ ከዳንግላ ገበያ «አራት ዓመት ሞልቶታል» ተብሎ የገዛኸው ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ልጓም ሲያይ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሰው ሲወጣበት ደግሞ በኋላ እግሩ ይቆማል። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ልታደርሰው፣ ከዚያም ልጆች ግልቢያ እንዲማሩበት ትፈልጋለህ። «አለንጋ አብዛበት»፣ «ልጓሙን አጥብቀው» ያሉህን አትስማ። እንዲህ የሚያደርግ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ አፉን ወይም ጀርባውን የሚያመው ነው። በሕመሙ ላይ ዱላ ሲጨመርበት በኋላ እግሩ መቆሙ ይብስበታል እንጂ አይተወውም።

ዕድሜውን ከሻጩ ቃል ሳይሆን ከጥርሱ እወቅ። ከፊት ጥርሶቹ የመካከለኛው ጥንድ በ2 ዓመት ተኩል፣ ቀጣዩ በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሩ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራል። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭና ከሥሩ ቀጠን ያለ ነው፤ ቋሚው ሰፋ ብሎ ወደ ቢጫነት ያደላል። የዳሮቹ ገና የወተት ከሆኑ አራት ዓመት ተኩል አልሞላውም፤ በዚህ ዕድሜ የመንጋጋ ጥርሶቹም ስለሚቀያየሩ ድዱ ይቆስላል። በአንዳንድ ፈረስ ላይ ደግሞ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ትበቅላለች። ብረት ሲነካት ስለምታም በእንስሳት ሐኪም ትነቀል። ምላሱ ላይ ቁርጥ፣ ከንፈሩ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ወይም አገጩ ሥር ቁስል ካየህ እስኪድን ድረስ ልጓም አይግባበት።

ስለ ልጓሙ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ፈረስ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ነባሩ የአገራችን ልጓም ወደ ላንቃ የሚወጣ ብረትና የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው። ዛቡ (ጋላቢው በእጁ የሚይዘው የልጓሙ ጠፍር) ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይጫናል፣ ቀለበቱም አገጩን ይጨምቃል። በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ያለው ልጓም የሚያርፍበት ባዶ ድድ ከሥሩ ስስ አጥንት እንጂ ሥጋ የለውም። ይህ ልጓም በአንድ እጁ ዱላ ይዞ በሌላው በሁለት ጣት ለሚያስቆም የጉግስ ፈረሰኛ ይሆናል። እጁ ያልበሰለ ሰው ሲይዘው ግን ፈረሱ ከሕመሙ መሸሻ የሚያገኘው ወደ ላይ ብቻ ነው። ፈረስህ የሚነሳው አንድም በዚህ ነው፤ አንድም ጋላቢው በተረከዙ «ሂድ» እያለ በዛቡ «ቁም» ስለሚለው ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር ያለ ብረት፣ በለኮ (ብረት በሌለው የራስ ማሰሪያ) ብቻ ሥራ። የአፍንጫው ማሰሪያ ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይረፍ፤ ከዚያ በታች ያለው ለስላሳ ስለሆነ ትንፋሹን ያፍነዋል። በእጅህና በማሰሪያው መካከል 3 ሜትር ያህል ገመድ ይኑርህ፤ ገመዱን በእጅህ ላይ ግን ፈጽሞ አትጠምጥመው። በስተጎን ወደ ትከሻው ቅረብ፤ ፊት ለፊት ከግንባሩ ሥርና በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም። ገመዱን ቀስ ብለህ ወጠር አድርግና ጠብቅ፤ አንድ እርምጃ ሲሰጥህ በዚያው ቅጽበት ልቀቅ። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ሳይሆን ከመለቀቁ ነው። ሁለት ሴኮንድ ዘግይተህ ከለቀቅህ የለቀቅኸው ለሌላ ነገር ይመስለዋል። ወደ ፊት መሄድ፣ መቆም፣ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ፣ የኋላ እግሩን ወደ ጎን ማሻገር፦ እነዚህ አራቱ በለሰለሰ ገመድ እስኪሆኑ ድረስ ኮርቻ አይታሰብ። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። ከዚያ በላይ ያልበሰለ ፈረስ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ፈረስም መከራከር ይጀምራል። በ7 ሜትር ገመድ ዙሪያህን ስታስኬደው በግራ 5 ደቂቃ፣ በቀኝ 5 ደቂቃ፣ በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ ይሁን። ጠባብ ክብ ላይ መጋለብ መገጣጠሚያውን ይጎዳል።

ልጓም የምታስገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ለስላሳና መካከሉ የሚታጠፍ ብረት፣ ከአፉ በሁለቱም በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚተርፍ። የእንጅባራ ጠዋት ስለሚበርድ ብረቱን በመዳፍህ አሙቀው፤ የቀዘቀዘ ብረት አንዴ የነካው ፈረስ አፉን መግጠም ይማራል። ትንሽ ማር ቀባበትና አውራ ጣትህን ጥርስ በሌለበት የአፉ ማዕዘን አስገባ፤ ራሱ ይከፍትልሃል። ለአንድ ሳምንት ዛብ ሳታስርበት ለ10 ደቂቃ እያኘከው ይቁም።

ኮርቻ ስትመርጥ የጀርባ አጥንቱን ተመልከት። የእንጨቱ ኮርቻ ሁለት ክንፍ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ አለበት፤ አከርካሪውን የሚነካ ከሆነ የተዋበ ቢሆንም አይሆንም። ሰው ተቀምጦበት ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ ሁለት ጣት ክፍተት ይቅር። ከሥሩ ንጹሕ፣ ያልታጠፈ ወፍራም ጨርቅ አድርግ። ከ20 ደቂቃ ሥራ በኋላ ኮርቻውን አውርደህ ላቡን እይ፤ ዙሪያው ረጥቦ መካከሉ የመዳፍ ያህል ደረቅ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ከቆየ ወደ ቁስል ይሄዳል፤ ከዳነም በኋላ ነጭ ጸጉር ይበቅልበታል። ቁስል ላይ ጨርቅ ደርቦ መጋለብ መፍትሔ አይደለም። በደረቱ ወይም በእግሩ ላይ በመስመር የተሰለፉ እብጠቶች ካሉ ቢጬ የሚባለው ተላላፊ የፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ የእሱን ጠፍርና ጨርቅም ለሌላ ፈረስ አታውስ።

የሆድ ጠፍሩን በአንድ ጊዜ አታጥብቅ። እንዳይወድቅ ያህል እሰር፣ አሥር እርምጃ አስኪደው፣ አንድ ቀዳዳ ጨምር፣ እንደገና አስኪደው። በአንድ ትንፋሽ የታሰረ ፈረስ ትንፋሹ ሲያጥረው ይዘልላል፤ ያንን ቀን ደግሞ አይረሳም። መውጣቱም በደረጃ ነው። ረዳት ለኮውን ይዞ፣ መጀመሪያ በሆድህ ብቻ ተኝተህበት ውረድ፣ በሁለቱም ጎን። ጀርባውን ካልጎደጎደና ጆሮውን ወደ ኋላ ካላጣበቀ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እግርህን አሻግር፤ አምስት እርምጃ ሂድና ውረድ። ሲነሳብህ ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ ዛቡን ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፤ ከሳብከው በላይህ ላይ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ሲወርድ በአንዱ ዛብ ራሱን ወደ ጎን መልሰህ የኋላ እግሩን አሻግር፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ፊት አስኪደው። በእርምጃ የታጠፈ ፈረስ ለመነሳት ይቸግረዋል። ቢፈረጥጥ ግን በድንገት አታጥፈው፤ ሰፊ ክብ አስይዘህ እያጠበብክ አምጣው።

ገብሱንም ቀንስ። ሥራው ቀላል ሆኖ ገብሱ የበዛለት ድንጉላ አይሰማህም። ለጊዜው ድርቆሽና ሣር ዋናው ይሁን፣ ገብስ ለሁለት ተከፍሎ በቀን ከአንድ ኪሎ አይለፍ።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ይህ ድንጉላ ተገርቶም ቢሆን ለጀማሪ ልጅ አይሆንም። ለትምህርት ስምንት ዓመት ያለፋት የረጋች ባዝራ (ሴት ፈረስ) ወይም ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ፈልግ። ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ለማወቅ የፈረሱን ክብደት በሜትር መገመት ትችላለህ፦ ከትከሻው ጀርባ የደረት ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለካ፣ በራሱ አባዛው፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ዳሌው ጫፍ ባለው ርዝመት አባዛው፣ ለ11,880 አካፍል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። የሚሸከመው ኮርቻው ጭምር ከአምስት አንድ እጅ፣ ማለትም ከ48 ኪሎ አይለፍ። ስለዚህ «ልጁ እስኪለምድ አባቱ ከኋላ ይቀመጥ» የሚባለው ለትንሽ ፈረስ ትልቅ ጉዳት ነው።

ልጁ ቆብ ሳይሆን አገጩ ሥር የሚታሰር የራስ ቁር ያድርግ። በአውራ ጣት የሚያዘው ትንሹ እርካብ በባዶ እግር ለሚጋልብ ነው፤ ጫማ ያደረገ ልጅ እግሩ ሊሰነቀርበት ይችላል። ከጫማው በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ሰፊ እርካብ ስጠው። ለመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ትምህርቶች ዛብ አትስጠው፤ አንተ ለኮውን ያዝ፣ እሱ አንገቱ ላይ የታሰረ ጠፍር ይያዝ። ሚዛን የሌለው ልጅ ዛብ ከያዘ በፈረሱ አፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጎበዝ መምህር ፈረስ የሚበላሸውም እንዲህ ነው። ጆሮው፣ ትከሻው፣ ዳሌውና ተረከዙ በአንድ መስመር ይዋሉ፤ ዓይኑም ከጋማው ላይ ተነስቶ ወደሚሄድበት ይይ። መጀመሪያ መቆምን፣ ሁለተኛ መውረድን አስተምረው፤ ሲወርድ ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጥቶ እንጂ በአንዱ ተንጠልጥሎ አይደለም። ሶምሶማ እነዚህን ካወቀ በኋላ ይምጣ፣ አንዱ ትምህርትም ከ30 ደቂቃ አይለፍ።

የጥር 23ቱን ጉዳይ በተመለከተ፦ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ የሚወጡት ፈረሶች ሆታውን፣ ጥሩምባውንና የባዝራ ሽታውን የለመዱ ናቸው። ያንተ ዘንድሮ ጋላቢ ሳይኖርበት በለኮ ይሂድ፤ ረጋ ያለ ሽማግሌ ፈረስ አጠገቡ ይሁን፣ ከመጋለቢያው ሜዳ በሩቁ አቁመው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣር መንጨት ሲጀምር ለቀኑ ይበቃዋል፤ ይዘኸው ተመለስ።