የኪስፔፕቲን ምርመራ ላድርግ?

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የወር አበባዬ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር እየዘለለ ይመጣል፤ አገጬ ላይም ጠቆር ያለ ፀጉር መውጣት ጀምሯል። ሐኪሜ በአልትራሳውንድ ካዩኝ በኋላ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (እንቁላል የሚያመነጨው አካል፣ የኦቫሪ፣ ሕመም) እንዳለብኝ ነግረውኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል አዘዙልኝ። በቅርቡ ግን የሕመሙ መነሻ አንጎል ውስጥ የሚመነጭ ኪስፔፕቲን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለምን ለኦቫሪዬ ብቻ መድኃኒት እወስዳለሁ? የኪስፔፕቲን መጠኔን በደም ምርመራ ባውቅስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ምርመራው አያስፈልግዎትም። የታዘዘልዎት እንክብል ደግሞ ሥራውን በዋናነት የሚሠራው ኦቫሪዎ ላይ ሳይሆን አንጎልዎ ውስጥ ነው። ይህን ለማስረዳት ከአንጎሉ መጀመር ይሻላል።

ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን የሚለቀው ያለማቋረጥ ሳይሆን በምት በምት እየከፋፈለ ነው። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ምቱ በየ60 እስከ 90 ደቂቃ ይደጋገማል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ግን ያን ጊዜ ኦቫሪ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ፕሮጀስትሮን፣ ስለሚያረጋጋው በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ይሆናል። ከሃይፖታላመስ በታች ያለው የፒቱታሪ ዕጢ የምቱን ፍጥነት ተከትሎ ይሠራል፦ ኦቫሪን ከሚያዙት ሁለት ሆርሞኖች መካከል ምቱ ሲፈጥን ኤልኤችን፣ ሲዘገይ ደግሞ ኤፍኤስኤችን አብልጦ ያመነጫል።

ምቱን የሚወስኑት ጂኤንአርኤችን የሚያመነጩት ሕዋሳት ራሳቸው አይደሉም። እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ ሌሎች የነርቭ ሕዋሳት ኒውሮፔፕታይድ በሚባሉ ሦስት አጫጭር የፕሮቲን መልእክተኞች ይመሩታል፤ ኒውሮኪኒን ቢ ምቱን ያስነሳል፣ ኪስፔፕቲን ትእዛዙን ለጂኤንአርኤች ሕዋሳት ያደርሳል፣ ዳይኖርፊን ደግሞ ይገታዋል። የኪስፔፕቲን ዘረመል በ1996 መጀመሪያ የታወቀው የካንሰርን መዛመት በመግታቱ ነበር። ከመራባት ጋር ያለው ትስስር ግልጽ የሆነው በ2003 ሲሆን፣ የኪስፔፕቲን ተቀባይ የተበላሸባቸው ሰዎች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን እንደማይደርሱ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ሲያሳዩ ነው።

በእርስዎ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ባሉ ብዙ ሴቶች ዘንድ ይህ ምት ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። በዚህም ምክንያት ኤልኤች በዝቶ ኦቫሪን ቴስቶስትሮንና መሰሎቹን የወንድ ሆርሞኖች እንዲያመርት ይገፋፋዋል፤ የአገጭዎ ፀጉርም ከዚህ የመጣ ነው። ኤፍኤስኤች በበኩሉ ስለሚያንስ እንቁላል የያዙት ትንንሽ ከረጢቶች እድገታቸው መንገድ ላይ ይቆማል፤ በአልትራሳውንድ የታዩት ነጠብጣቦችም እነርሱ እንጂ ዕጢ አይደሉም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጀስትሮን አይኖርም፣ ፕሮጀስትሮን ከሌለ ደግሞ ምቱን የሚያዘገይ ነገር ይጠፋል፤ በዚያ ላይ የበዛው ቴስቶስትሮን አንጎል ለፕሮጀስትሮን ያለውን ምላሽ ያደክመዋል። ኢንሱሊን ከፍ ሲልም ኦቫሪን ለተጨማሪ ቴስቶስትሮን ከመቀስቀሱ ሌላ፣ ጉበት ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። እንዲህ በሚዞር ነገር ውስጥ አንዱን ለይቶ መነሻው ይህ ነው ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ታማሚዋን ያሳስታታል።

ወደ ደም ምርመራው ስንመለስ፣ ኪስፔፕቲን ከአንጎል ውጭም ስለሚመነጭ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ሃይፖታላመስ ውስጥ የሚሆነውን አይናገርም። ብዙ ጥናቶች ሕመሙ ባለባቸው ሴቶች ዘንድ መጠኑ በአማካይ ከፍ ብሎ ቢያገኙትም፣ ከጤነኞቹ ጋር የሚደራረብ በመሆኑ አንዲትን ሴት ለይቶ ለመመርመር አያገለግልም። ሐኪሞች በ2003 ሮተርዳም ላይ በተስማሙበት መለኪያ መሠረት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ሲገኙ፣ የታይሮይድ ችግርና የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን) መብዛት ደግሞ አለመኖራቸው ሲረጋገጥ፣ ሕመሙ አለ ይላሉ። የተዛባ የወር አበባና ከልክ ያለፈ ፀጉር ሁለቱ ምልክቶች በመሆናቸው፣ እርስዎ አልትራሳውንዱ ባይጨመርም መለኪያውን ያሟላሉ።

እንክብሉ በያዘው ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን ያንን የፈጠነ ምት ያፍነዋል፣ ቴስቶስትሮንን የሚያስረውንም ፕሮቲን ያበዛዋል። የፀጉሩ ለውጥ እስኪታይ ግን 6 ወር ያህል ስለሚወስድ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡት አደራ እላለሁ። በኒውሮፔፕታይዶቹ ላይ በቀጥታ የሚያነጣጥር መድኃኒትም ተሞክሯል፦ የኒውሮኪኒን ቢን ተቀባይ የሚዘጋው ፌዞሊኔታንት ኤልኤችንና ቴስቶስትሮንን ቢቀንስም፣ በ12 ሳምንት ሙከራ የወር አበባን አላስተካከለም። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደውም በማረጥ ጊዜ ለሚመጣ ድንገተኛ የሙቀት ስሜት እንጂ ለዚህ ሕመም አይደለም።

እንክብሉን በማይወስዱበት ጊዜ የወር አበባዎ ከ90 ቀን በላይ ከዘገየ የማህፀን ግድግዳ ሳይራገፍ እየወፈረ ስለሚሄድ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ልጅ መውለድ ሲፈልጉም አስቀድመው ያማክሯቸው፤ እንክብሉ ቆሞ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚሰጠው ሌትሮዞል ኢስትሮጅንን ለጥቂት ቀናት ዝቅ በማድረግ አንጎል ኤፍኤስኤችን እንዲጨምር ስለሚያስገድደው፣ እድገቱ ቆሞ የነበረ አንድ ከረጢት በስሎ እንቁላሉን የመልቀቅ ዕድል ያገኛል።