ዳር ዳሩን አትቁረጡት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የድሮ የቤተ መንግሥት ሥዕሎችን ፖስት ስታደርጉ ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ለስልክ እንዲመች ብላችሁ ዳር ዳሩን ስትቆርጡት ነው። ብዙው ወሬ ያለው እዚያ ነው።

የጃፓንን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1889 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በቶኪዮው አዲስ ቤተ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኩሮዳ ኪዮታካ ሰጡ። የእኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ብዙ ነገር የቀዳው ከዚያው ነው። ሥነ ሥርዓቱን የሚያሳዩ፣ በተቀረጸ እንጨት የታተሙ ባለ ሦስት ወረቀት ሥዕሎች በዚያው ዓመት ገበያ ወጡ። ንጉሡ በወታደር ልብስ፣ እቴጌይቱ በአውሮፓ ቀሚስ ይታያሉ። ቀዩ ቀለም ዓይን ይወጋል። ከአውሮፓ የገባ የፋብሪካ ቀለም ነው።

አሠራሩን ተመልከቱ። አሳታሚው ገንዘብ ያወጣል፣ ሠዓሊው ይነድፋል። ጠራቢው ንድፉን የቼሪ እንጨት ላይ ለጥፎ ይቀርጻል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት ይቀረጻል። አታሚው እርጥብ ወረቀት ያነጥፍበትና ጀርባውን በእጁ ያሻል። እንጨቱ ጥግ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለች። ወረቀቱ እሷ ላይ በትክክል ካልገጠመ የከንፈሩ ቀይ ጉንጭ ላይ ያርፋል። አሥር ቀለም ካለ አሥር ጊዜ መግጠም አለበት፤ ያውም በዓይንና በእጅ ብቻ። ማሽን ላይ ለኖርኩት ለእኔ ይህ እጅ በአፍ ያስጭናል።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ ቶዮሃራ ቺካኖቡ ነው። በወጣትነቱ ከሾገኑ፣ ማለትም ጃፓንን ይገዛ ከነበረው የጦር አለቃ፣ ወገን ተሰልፎ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር የተዋጋ ሳሙራይ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የእኚያኑ ንጉሥ ክብር እየሣለ እንጀራውን በላ። ይህን ስታውቁ ሥዕሉን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

የንጉሡ መልክስ? ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ጣሊያናዊው ሠዓሊ ኤዶአርዶ ኪዮሶኔ ተደብቆ እያየ ነደፋቸው። ንድፉ ፎቶ ተነሥቶ ለትምህርት ቤቶች ታደለ፤ ተማሪዎችም እጅ ነሡት።

ስለዚህ ሕትመቱን እንደ ፎቶ አትመኑት። ውሸት ነው ብላችሁም አትጣሉት። አሳታሚው ሕዝቡ ምን ማየት እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚሸጥለት አስቦ ያወጣው ነው። ለእኔ ይህ ራሱ ትልቅ ታሪክ ነው። የሠዓሊው ስም፣ የአሳታሚው ስምና አድራሻ፣ የታተመበት ቀን ብዙ ጊዜ ዳሩ ላይ አሉ። ጃፓንኛውን ባታነቡትም አብራችሁ ለጥፉት፤ የሚያነበው ሰው ያገኘዋል።