አንደኛ ከወጡ በኋላ ለምን ዳግም ይጋጠማሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ማርች ላይ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ሲገባ የአንባቢ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። አብዛኛው ስለ ኮንፈረንስ ቶርናመንት ነው፤ ኮንፈረንስ ማለት ኮሌጆቹ የተቧደኑበት ሊግ ሲሆን ቶርናመንቱ ሊጉ በወቅቱ መጨረሻ የሚያደርገው ጥሎ ማለፍ ነው። ጥቂቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኤስኢሲ የተባለውን ኮንፈረንስ መደበኛ ውድድር አንደኛ ሆኖ ይጨርሳል። ሳምንት ሳይሞላው ለቶርናመንቱ ግሪንቪል ሄዶ እነዚያኑ ቡድኖች እንደገና ይገጥማል። ያሸነፉትን ደግሞ ማሸነፍ ምን ይባላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለሳውዝ ካሮላይና እውነቱን ለመናገር ተጨማሪ ዋንጫ ነው፣ ብዙም አይጎዳው፣ ብዙም አይጠቅመው። ለሌሎቹ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚገቡት 68 ቡድኖች ናቸው። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ አንድ ቀጥተኛ ቦታ አለው፤ ቦታው የሚሰጠው ግን ወቅቱን ሙሉ አንደኛ ለነበረው ሳይሆን በመጨረሻ የሚደረገውን ጥሎ ማለፍ ላሸነፈው ነው። በ2025 በዚህ መንገድ የገቡት 31 ነበሩ፤ የቀሩትን 37 የውድድሩ ኮሚቴ መረጣቸው። እንደ ኤስኢሲና ቢግ ቴን ያሉት ትልልቆቹ ከኮሚቴው እጅ ብዙ ቦታ ስለሚያገኙ ቢሸነፉም ይገባሉ። ከትንንሾቹ ኮንፈረንሶች ግን በአብዛኛው የሚገባው አንድ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከክፍል አንደኛ የወጣ ተማሪ ማትሪክ ላይ ሲወድቅ እንደማለት ነው፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያሸነፉት ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይበላዋል። ለእንዲህ ያሉት አንደኞች ከ2024 ጀምሮ ደብሊውቢአይቲ የሚባል ባለ 32 ቡድን ሁለተኛ ውድድር አለላቸው። ማጽናኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አልለውም።

ትልልቆቹ እንዴት እንደማይጎዱ 2022ን ይመልከቱ። ናሽቪል ላይ ሰባተኛ ሆኖ የመጣው ኬንታኪ በአራት ቀን አራት ጨዋታ አሸንፎ፣ በፍጻሜው ተጫዋቹ ድሬውና ኤድዋርድስ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ባስቆጠረችው ባለ ሦስት ነጥብ ሳውዝ ካሮላይናን 64 ለ 62 ረታ። ከዚያስ? ኬንታኪ በብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ በፕሪንስተን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የሳውዝ ካሮላይናዋ አሰልጣኝ የዶውን ስቴሊ ልጆች ደግሞ የአገሩን ዋንጫ አነሱ።

ስለዚህ ምክር ከጠየቁኝ ቴሌቪዥንዎን ስሙን ሰምተውት በማያውቁት ኮንፈረንስ ፍጻሜ ላይ ይክፈቱት። የተሸናፊዎቹን ፊት አይቶ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ መረዳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ቡድን ረቡዕ ይጀምራል፣ ሌላው ዓርብ ተዝናንቶ ይመጣል። አድልዎ አይደለም? (ከዳላስ)

መልስ፦ አድልዎ ነው፤ ግን በሥራ የተገኘ። ኤስኢሲ አሁን 16 ቡድን አለው። ከ9ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ረቡዕ ይጀምራሉ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሐሙስ ይቀላቀላሉ፣ አራቱ ቀዳሚዎች ዓርብ። ፍጻሜው እሑድ ስለሆነ ከታች የመጣ ቡድን ዋንጫ ለመብላት አምስት ቀን በተከታታይ መጫወት አለበት።

የዳላስ ሰው ስለሆኑ ቴክሳስን አልዘልም። በ2025 ቴክሳስና ሳውዝ ካሮላይና ሁለቱም 15 አሸንፈው በ1 ተሸንፈው ጨረሱ፤ እርስ በርስ ሲገናኙም ሁለቱም በየሜዳቸው አሸንፈው ነበር። አንደኛውን ለመለየት የተገኘው ዘዴ ሳንቲም መወርወር ሆነ! ዕጣው ለሳውዝ ካሮላይና ወጣ። ፍጻሜው ላይ ተገናኝተው ሳውዝ ካሮላይና 64 ለ 45 ሲያሸንፍ ግን በሳንቲሙ የሚያሳብብ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ በ2024ቱ የኤስኢሲ ፍጻሜ ግርግር ጊዜ እጃቸውን ያላነሱ ተቀያሪዎች ለምን ተባረሩ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ሕጉ ስለማያላላ። ሜዳ ላይ ጠብ ሲነሳ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ የገባ ተጫዋች ለማገላገልም ይግባ ለመማታት፣ ይባረራል። ሳውዝ ካሮላይና ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) 79 ለ 72 ባሸነፈበት በዚያ ቀን የሳውዝ ካሮላይናዋ ካሚላ ካርዶሶ የኤልኤስዩዋን ፍላውጄይ ጆንሰንን ገፍትራ ስለጣለች ተባርራ፣ የብሔራዊውን ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታም ቁጭ ብላ አየች።

የሚያሳዝነው ሰው የሚያስታውሳት በግፍተራዋ መሆኑ ነው። በዋዜማው፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ቴነሲ 73 ለ 71 ይመራ ነበር፤ የቀረው ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ኳሱ ሁለት ሜትር ለምትደርሰው ለካርዶሶ ደረሰ፣ በኮሌጅ ዘመኗ አንድም ባለ ሦስት ነጥብ አግብታ ለማታውቀው። ወረወረችው፣ ሰሌዳውን መትቶ ገባ። ያ ባይገባ ኖሮ ያንን ወቅት 38ቱንም ጨዋታ አሸንፎ መጨረስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ በትምህርቷም በኳሱም ጎበዝ ናት። ሃርቫርድ በቅርጫት ኳስ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንዲሰጣት ምን እናድርግ? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ በኳስ አይሰጣትም። አይቪ ሊግ ውስጥ ያሉት ስምንቱም ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም። ድጋፋቸው የቤተሰብን ገቢ አይቶ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከስኮላርሺፕ ያልተናነሰ ሊሆን ይችላል። አሰልጣኝ ከፈለጋት መግቢያው ላይ ያግዛታል፤ ውጤቷ ግን መሙላት አለበት።

የኳሱ ደረጃ ዝቅ ያለ እንዳይመስላችሁ። አይቪ ጥሎ ማለፍ የጀመረው በ2017 ሲሆን የሚጫወቱት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው። በ2025 ሃርቫርድ ኮሎምቢያን 74 ለ 71 አሸንፎ ቀጥተኛውን ቦታ ወሰደ፣ ኮሎምቢያንና ፕሪንስተንን ኮሚቴው መረጣቸው። በአንድ ጊዜ ሦስት ከአይቪ፣ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ሁለት ግማሽ ነው የሚጫወቱት" ብሎ ተወራርዶኛል። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ገንዘቡን ተቀበይው። ከ2015–16 ወቅት ጀምሮ ሴቶቹ አራት ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ የወንዶቹ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምከታተለው። ቅዳሜ በሰዓቱ አየሁ፣ እሑድ ስከፍት ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፉት በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ በ2024ም በ2025ም ቀኑ ከኤስኢሲ ፍጻሜ ጋር ገጥሟል። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር ያለን ልዩነት ቅዳሜ 8 ሰዓት የነበረው እሑድ 7 ይሆናል። እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ቅዳሜ ለእናንተ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ እሑድ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የስልክዎን ማስታወሻ በአሜሪካ ሰዓት ይሙሉት፣ ራሱ ያስተካክለዋል።